«ያላገባሽ ለመሆንሽ ማስረጃ አምጪ» አሉኝ

በዚህ ወር የመጡልኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም በሰው አገር ሊጋቡ ነው፤ ሁሉም አንድ መስኮት ፊት ቆመው ደጅ ይጠናሉ። እኔ አውሮፓ ውስጥ በጋብቻ መዝገብ ቢሮዎች ለዓመታት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ከመስኮቱ ወዲህም ወዲያም የሚባለውን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሌላ ጥያቄ አልነካም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስምና ከተማም ትቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ጀርመን ነው። እጮኛዬ ጀርመናዊ ነው። የጋብቻ መዝገብ ቢሮው ‹ለማግባት ብቁ ነሽ የሚል ማስረጃ ከአገርሽ አምጪ› አለኝ። ኤምባሲ ስጠይቅ ‹እንደዚያ የሚባል ወረቀት አንሰጥም› አሉ። ተመልሼ ስነግራቸው ‹እንግዲያው አይሆንም› አሉኝ። አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል እንጂ መፍትሔ የሚሰጠኝ አጣሁ። እጮኛዬም ‹የእናንተ አገር ነገር› ማለት ጀምሯል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ለእጮኛሽ አንድ ነገር ንገሪው። ይህን ወረቀት የማይሰጡ አገሮች ብዙ ናቸው። አሜሪካም አትሰጥም። ጀርመን ውስጥ የሚያገባ አሜሪካዊም አንቺ የምትሄጂበትን መንገድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የአገርሽ ገመና አድርጎ አይውሰደው።

የመዝገብ ቢሮዋ ጸሐፊም ስለ ፍቅራችሁ አልጠየቀችሽም። ማወቅ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። ማን ነሽ? ከሌላ ሰው ጋር የታሰረ ጋብቻስ የለሽም? የሚያስመጡሽ ወረቀት ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ለአንዱ መልስ ነው። አንዱ ወረቀት አልገኝ ሲል «ይኼ ለየትኛው ጥያቄ ነበር? ሌላ ምን ሊመልሰው ይችላል?» ብለሽ አስቢ። ቢሮ ገብተሽም እንደዚያው ብለሽ ጠይቂ። «የለም» ብሎ ዝም ካለ ሰው ይልቅ «ይህ የለም፣ በምትኩ ምን ይቀበላሉ?» ያለ ሰው ቶሎ ይስተናገዳል።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1309 ለማግባት ያለው ብቃት በአገሩ ሕግ የሚታይ የውጭ አገር ሰው ያንን ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ኤሄፌይሂካይትስጾይግኒስ ይሉታል። ግን ያው ቁጥር 1309 መውጫም አለው። አገርሽ ወረቀቱን የማይሰጥ ከሆነ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከግዴታው ነፃ ሊያደርግሽ ይችላል። ይህ ቤፍራዩንግ ይባላል። ስሙ ፍርድ ቤት ስላለበት አትደንግጪ፤ ዳኛ ፊት አትቆሚም። ማመልከቻውን የሚቀበልሽ ያው የጋብቻ መዝገብ ቢሮ ነው፤ ወደ ላይ የሚልከውም እሱ ነው። ስለዚህ ተመልሰሽ ሂጂና «የቤፍራዩንግ ማመልከቻ ማስገባት እንፈልጋለን፣ የሚያስፈልገውን ዝርዝር በጽሑፍ ስጡን» በያቸው። በቃል የተነገረሽን ዝርዝር አትመኚው። ጸሐፊዋ ለእረፍት ትወጣለች፣ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ዝርዝሩም አብሮ ይለወጣል።

ብዙ ጊዜ ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የመኖሪያ ምዝገባና የገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ገቢ የሚጠየቀው ክፍያው በገቢ መጠን ስለሚተመን ነው። ፈቃዱ ሲወጣ የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተጋባችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ።

ጊዜ የሚበላው ግን ይሄ አይደለም። በአንዳንድ አገሮች ያሉ የጀርመን ኤምባሲዎች ሰነድ ማረጋገጥ አቁመዋል። በዚህ ፈንታ ኤምባሲው የሚያምነውን ጠበቃ ይልካል። ጠበቃው ሰርተፍኬቱን የሰጠው ቢሮ ድረስ ሄዶ መዝገቡን ያያል። አንዳንዴም ቤተሰብና ጎረቤት ይጠይቃል። ይህ ወራት ይፈጃል። ለቤተሰብሽ አስቀድመሽ ደውይላቸው። የማያውቁት ሰው በር አንኳኩቶ «ልጅቱ አግብታ ታውቃለች?» ሲላቸው ደንግጠው የተምታታ ነገር እንዳይናገሩ። አክስት ለልጅ ያሰበች መስሏት «እኛ አናውቃትም» ብላ የተጓተተ ፋይል አይቻለሁ። የሠርግ አዳራሽ ቀብድም ውጤቱ ሳይመጣ አትክፈዪ።

«ፈረንሳይ ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ የልደት ሰርተፍኬቴን አይቶ ‹6 ወር አልፎታል፣ አዲስ አምጣ› አለኝ። እትዬ፣ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው?»

ሳቅሁ ወንድሜ፤ ግን ሰዎቹም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በፈረንሳይ ሰው ሲያገባም ሲፋታም በልደት መዝገቡ ጠርዝ ላይ ይጻፍበታል። ስለዚህ ትኩስ ቅጂ ለእነሱ የልደት ወረቀት ብቻ አይደለም፤ አለማግባትህንም ይናገራል። አሮጌው ቅጂ ከወጣ በኋላ ምን እንደተጻፈ አያውቁም። በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ቁጥር 70 መሠረት ከፈረንሳይ መዝገብ የወጣ ቅጂ ከ3 ወር በላይ መቆየት የለበትም። ከውጭ አገር የመጣው ደግሞ 6 ወር ተፈቅዶለታል።

አሁን ለአንተ የሚጠቅመውን ልንገርህ። ያው ቁጥር 70 የልደት መዝገቡን የማያድስ አገር ሰርተፍኬት ላይ የጊዜ ገደቡ አይሠራም ይላል። በአንተ አገር ጋብቻ በልደት መዝገብ ላይ የማይጻፍ ከሆነ 6 ወር የሚባለው አይመለከትህም። ይህን ግን በአፍ ብትናገር ማንም አይሰማህም። ከኤምባሲህ «የልደት መዝገባችን ጋብቻን አይመዘግብም፣ አይታደስምም» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጽፍ። አስተርጉመህ ከነሕጉ ቁጥር አቅርብ። በጨዋነት አቅርበው፤ ጸሐፊው ሕጉን እንዳላነበበ አድርገህ አትናገረው። ሰው ፊት የተዋረደ ጸሐፊ ሌላ የጎደለ ወረቀት ያገኝብሃል።

ደብዳቤው ካልተገኘና አዲስ ማስወጣት የግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አስተካክል። ሰው ሁሉ የሚቀናውን ወረቀት ነው መጀመሪያ የሚያወጣው። ከዚያ ሌላው ሲጓተት ያኛው ያረጅበታል። መጀመሪያ የማያረጀውንና ለመውጣት የሚቆየውን አስጀምር። የጊዜ ገደብ ያለውን መጨረሻ ላይ አውጣ። ትርጉሙ የሚሠራው ከማረጋገጫው ማህተም በኋላ ነው፤ ማህተሙም መተርጎም አለበትና። ይህን ያልነገሯቸው ሰዎች ሁለት ጊዜ ለአስተርጓሚ ሲከፍሉ ኖረዋል። አስተርጓሚ ሆኜ ይህን መናገሬ ለኪሴ አይበጅም፤ እውነቱ ግን ይሄው ነው።

ከተጋቢዎቹ አንዳችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ አንዱ በምትጋቡበት ከተማ መኖር አለባችሁ። ነዋሪነቱ ቢያንስ ወር ያህል መሆን አለበት። ፋይሉ ካለቀ በኋላ ስማችሁ በማዘጋጃ ቤቱ ለ10 ቀን ይለጠፋል። ተቃውሞ ያለው ይምጣ ማለት ነው። ሁለታችሁንም አብረው ወይም ለየብቻ ሊያነጋግሯችሁ ይችላሉ። የት ተዋወቃችሁ፣ ወንድምህ ስሙ ማን ነው፣ እንዲህ ያለ ነው። ሸምድዳችሁ አትሂዱ። ሁለት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲደግም ነው ጥርጣሬ የሚነሳው።

«ይድረስ ለአዘጋጇ። ዕድሜዬ ስድሳ ሊሞላ ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወይዘሮ ለማግባት ወስነናል። እኔ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ፍርድ ቤት ተፋትቻለሁ። የፍቺ ውሳኔው እጄ ላይ ነው። ግን አንዱ ‹አፖስቲል ያስፈልገዋል› ይላል፣ ሌላው ‹ፍቺው ራሱ ይመረመራል› ይላል። በዚህ ዕድሜዬ መንከራተት አልፈልግም።»

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሁለቱም ሰዎች ትክክል ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

አፖስቲል የሚባለው ሰነድ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚታተም አራት ማዕዘን ነው። ጎኑ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ በፈረንሳይኛ የስምምነቱ ስም ይጻፋል፤ ከሥር ደግሞ 10 የተቆጠሩ መስመሮች አሉ። የመጣው በ1961 ሄግ ላይ ከተፈረመ ስምምነት ነው። አሁን ከ120 በላይ አገሮች ገብተውበታል። የሚያረጋግጠው ፊርማውን፣ የፈረመውን ሰው ሥልጣንና ማህተሙን ብቻ ነው። ውስጡ የተጻፈው እውነት ስለመሆኑ ምንም አይልም። ፍርዱን የሰጠው አገር አባል ከሆነ ወረቀቱን እዚያው አገር ሥልጣን ያለው ቢሮ ይወስዱና ያስለጥፋሉ። እንግሊዝ አባል ናት፤ ግን እንግሊዝ ውስጥ ሆነው በሌላ አገር ሰነድ ላይ ማስለጠፍ አይችሉም። ሰነዱ ከወጣበት አገር ነው የሚሠራው። አገሩ አባል ካልሆነ ደግሞ የድሮው መንገድ አለ። ሰነዱን የሰጠው ቢሮ፣ ከዚያ የዚያ አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የመድረሻው አገር ኤምባሲ። አንዱን ዘለው ቢሄዱ ወደ ኋላ ይመልሱዎታል። ስለዚህ አስቀድመው እንግሊዝ ያለውን ቢሮ የትኛውን ማረጋገጫ እንደሚፈልግ ይጠይቁት። ያልተጠየቁትን ማህተም በገንዘብዎ አይግዙ።

ሁለተኛው ነገር ፍቺው ነው። ውሳኔው ላይ «ተፋተዋል» ስለተባለ ብቻ አያልቅም። ይግባኝ የማይባልበት፣ የመጨረሻ መሆኑ መታወቅ አለበት። ፍርድ ቤቱ ይህን ራሱን ችሎ በወረቀት ከሰጠ ያስወጡ። ብዙ ሰው ይህችን አንዲት ገጽ ነው የሚረሳው። በኢንግላንድና በዌልስ ከሌላ አገር የመጣ ፍቺ ሲቀርብ መዝጋቢው ለዋናው የመዝገብ ጽሕፈት ቤት ልኮ ሊያስመረምር ይችላል። ክፍያም ጊዜም አለው። ጀርመን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተፈረደ ፍቺ በክልሉ የፍትሕ አስተዳደር ዕውቅና ማግኘት ነበረበት። የተፋቱት ሁለቱም የፈረደው አገር ዜጎች ከሆኑ ግን ይህ አያስፈልግም። የሚስቴ አገር ነው፣ የእኔ አገር ነው ብለው ሳያጣሩ አይገምቱ።

ከዚያ በኋላ የማሳወቂያ ቀን አለ። በኢንግላንድና በዌልስ ጋብቻ አስቀድሞ ለመዝገብ ቢሮ ይነገራል፤ 28 ቀንም ይጠበቃል። እንደ መኖሪያ ፈቃድዎ ዓይነት ይህ ወደ 70 ቀን ሊራዘም ይችላል። ማሳወቂያው ለ12 ወር ያገለግላል። ስለዚህ የፍቺው ምርመራ ሳያልቅ ቀን ቆርጠው እንግዳ አይጥሩ።

«ስደተኛ ነኝ፤ ጥገኝነቴ ተቀባይነት አግኝቷል። የጋብቻ ቢሮው ‹ኤምባሲህ ሂድና ወረቀት አምጣ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ኤምባሲው ደጃፍ መድረስ አልፈልግም። ልሂድ ወይስ ጋብቻው ይቅር?»

ወንድሜ፣ አትሂድ። ጋብቻውም አይቅር።

የ1951 የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት እዚህ ላይ ይደርስልሃል። ቁጥር 12 የስደተኛ የግል ሁኔታ፣ ጋብቻን ጨምሮ፣ በሚኖርበት አገር ሕግ እንዲታይ ያደርጋል። ስለዚህ አገርህ «ብቁ ነው» እንዲልህ የሚጠይቁበት ምክንያት የለም። ቁጥር 25 ደግሞ ስደተኛው ከአገሩ ባለሥልጣናት ወረቀት ማግኘት ሲያቅተው የሚኖርበት አገር እንዲተካለት ይላል። ፈረንሳይ ውስጥ ኦፍፕራ የሚባለው መሥሪያ ቤት ለስደተኞች የልደት ሰርተፍኬት ምትክ ወረቀት ይሰጣል። ጀርመን ውስጥ ሰነድ ማግኘት የማይቻል ከሆነ ቢሮው በመሐላ የሚሰጥ ቃል ሊቀበል ይችላል።

ኤምባሲ መሄድህ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ያው ስምምነት በቁጥር 1 ላይ አንድ ስደተኛ በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ ከተመለሰ ስደተኛነቱ ሊቆም እንደሚችል ይናገራል። ፓስፖርት ማሳደስ በዚህ ዓይን ሊታይ ይችላል። ጸሐፊው ይህን አስቦ አልተናገረህም። ለሁሉም ሰው የሚሰጠውን ዝርዝር ነው የሰጠህ። የስደተኛ የጉዞ ሰነድህንና የተቀባይነት ውሳኔህን አስቀድመህ ጠረጴዛው ላይ አድርግ። «እኔን የሚመለከተኝ የዚህ አገር ሕግ ነው፣ በጄኔቫው ስምምነት ቁጥር 12» በል። አሁንም ኤምባሲ ካለህ «ይህን በጽሑፍ ስጡኝ» በለው። በጽሑፍ ሲባል ብዙው ሰው አለቃውን ይጠይቃል፤ አለቃውም ብዙ ጊዜ ያውቀዋል። ካልሆነ የስደተኞች ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያዝ። ጉዳይህ ገና ያልተወሰነ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ያኔ ጠበቃው ነው መቅደም ያለበት።

«ዴንማርክ ሄዶ መጋባት ይቀላል ይባላል። እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ግን ግማሹ። ከ2019 ጀምሮ የውጭ አገር ሰዎችን ፋይል የሚያየው አንድ የቤተሰብ ሕግ መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃዱ ሲሰጥ ለ4 ወር ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በመረጣችሁት ማዘጋጃ ቤት ትጋባላችሁ። ሁለታችሁም ዴንማርክ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ መገኘት አለባችሁ። የተፋታ ካለ ፍቺው እዚያም ይጠየቃል። አቋራጭ የሚባለው እዚህ ድረስ ነው። ጋብቻና የመኖሪያ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ መስኮቶች ናቸው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ፣ ዴንማርክ ተጋብቶ፣ ጀርመን ተመልሶ ፈቃድ የጠየቀ ሰው «አገርህ ተመለስና ተገቢውን ቪዛ ይዘህ ና» ሊባል ይችላል። ቀለበት ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር የኢሚግሬሽን ቢሮ ጠይቁ።

«እትዬ፣ ቋንቋውን ገና እየተማርኩ ነው። እጮኛዬ ያስተርጉምልኝ?»

አይሆንም የኔ እህት። የሚያገባሽ ሰው ራሱ ሊያስተረጉምልሽ አይገባም። ቢሮው ያልተገደድሽ መሆንሽን ማወቅ አለበት። ብዙ ቦታ በመሐላ የተመዘገበ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። አንዳንድ ቦታ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ጥሩ ተናጋሪ አምጥተሽ እዚያው ያስምሉታል። የትኛው እንደሆነ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። የአስተርጓሚውንም ስም አስቀድመሽ አስመዝግቢ፤ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከመፈረምሽ በፊት መዝጋቢዋ ስምሽን፣ የትውልድ ቀንሽንና ቦታሽን ጮክ ብላ ታነባለች። አንዳንዷ የኮምፒዩተሩን ገጽ ወደ አንቺ ታዞራለች። ያኔ ሁሉም ሰው አበባ ይዞ ከኋላሽ ይስቃል፣ ካሜራ ይነሳል፣ አንቺም ቶሎ ፈርመሽ መገላገል ይመጣልሻል። አትቸኩይ። ፓስፖርትሽን ክፈቺና ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ስምሽ በሰርተፍኬቱ ላይ በአንድ ፊደል፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ፊደል ከተጻፈ አሁን ተናገሪ። የትውልድ ቀንሽ ከሌላ የዘመን አቆጣጠር ከተቀየረ እሱንም ተመልከቺ። ከመፈረምሽ በፊት ማስተካከል ለመዝጋቢዋ የደቂቃ ሥራ ነው። ከፈረምሽ በኋላ ግን ማመልከቻ፣ ማስረጃ፣ አንዳንድ አገር ፍርድ ቤትም አለው። ስንት ቅጂ ትፈልጊያለሽ ስትልሽም አንድ አትበዪ። አገር ቤት ለማስመዝገብ፣ ለኢሚግሬሽን፣ ለባንክ ሁሉም ዋናውን ይጠይቁሻል። በአገሩ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ብዙ ቋንቋ ባለው ቅጽ ይሰጡ እንደሆነም ጠይቂያት። አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች እንደዚያ ያለ ቅጽ አላቸው፤ ካገኘሽው ለትርጉም የምትከፍዪው ሊቀርልሽ ይችላል።